ግድግዳው ሲፎክር፣ ልጅ ሲስቅ

ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መንገደኛ ሐይቅ ከተማ ይደርሳል። ከከተማዋ አጠገብ፣ ወደ ውሃው ዘልቆ በገባው መሬት ላይ፣ አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመሩት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ። በ1273 ዓ.ም. ገደማ ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል፣ መስጠታቸውን ከሚመሰክር ጽሑፍ ጋር፣ እስከ ዘመናችን ደርሷል። እዚያ ጽሕፈት ብራና ላይ ሰፍሮ፣ ተከድኖ ይጠበቅ ነበር።

በከተሜው የጭቃ ቤት ግን ጽሕፈት ሌላ ኑሮ ነበረው። በወሎም እንደ ሌላው የአገራችን ክፍል ሁሉ ግድግዳ የሚያምረው ጋዜጣ ሲለጠፍበት ነው። የቤቱ እመቤት ዱቄት በውሃ በጥብጣ ሙጫ ታበጃለች፤ ወረቀቱ ከምርጊቱ የሚረግፈውን አፈር ይይዛል፣ ቤቱንም ያደምቃል። ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የሚታተመው አዲስ ዘመን በዚህ መንገድ ገዝተው ካነበቡት ሰዎች ይልቅ ተኝተው ያነበቡት ሳይበዙ አይቀሩም።

ከ1966 ዓ.ም. በኋላ ታዲያ ከጋዜጣው ጋር መፈክሩ ጓዳ ድረስ ገባ። «ኢትዮጵያ ትቅደም» ሲባል «ያለምንም ደም» የሚል ተጨምሮበት ነበር፤ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ግን 60 ያህል ሰዎች ተረሸኑ። ወረቀቱ ከግድግዳው ሳይነሣ ቃሉ ሐሰት ሆነ። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ደግሞ «የተማረ ያስተምር፣ ያልተማረ ይማር» ተባለ። ይህ መፈክር እውነትም ብዙዎችን ፊደል አስቆጥሯል፤ የቆጠሩትም ፊደል የቀሩትን መፈክሮች መመርመሪያ ሆናቸው።

ከሁሉ የከበደው «ተፈጥሮን በቁጥጥራችን ሥር እናውላለን» የሚለው ነው። መስከረም 2 ቀን 1977 ዓ.ም. አዲስ አበባ የአብዮቱን 10ኛ ዓመት ስታከብር፣ አደባባዮቿ ከሰሜን ኮሪያ በመጡ ባለሙያዎች እርዳታ በመፈክርና በቀይ ጨርቅ አሸብርቀው ነበር። በዚያው ሰሞን በወሎ ዝናብ ጠፍቶ ሰው በየመንገዱ ይረግፍ ነበር። በጠቅላላው የሞተው በመቶ ሺሕ ይቆጠራል። ተፈጥሮን እቆጣጠራለሁ ያለው መንግሥት ረኀቡን እንኳ በግልጽ ለመናገር ዘገየ።

ሣቁ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ወላጅ መፈክሩን ፈርቶ ዝም አለ፤ ልጅ ግን እያነበበ አደገ። ዝናብ ሲጥል «ተፈጥሮ በቁጥጥር ሥር ዋለች» ይላል፣ እንደ ተያዘ ሌባ። እራት ቀርቦ የወጡ ድስት ወደ አባወራው ሲገፋ «ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር!» ይላል። እናት «ዝም በል፣ ግድግዳ ጆሮ አለው» ብላ ትቆጣዋለች። ልጁ ግን የሚያውቀው ግድግዳ አፍ እንዳለው ነበር።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። እንግሊዞች በ1939 እ.ኤ.አ. ሕዝቡ እንዲረጋጋና ሥራውን እንዲቀጥል የሚመክር ማስታወቂያ በብዛት አትመው ሳይለጥፉት ቀሩ። በ2000 እ.ኤ.አ. አንድ ቅጂ አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጥበት መደብር ተገኘ፤ ብዙም ሳይቆይ በየሳሎኑ ተሰቀለ፣ ወጣቶችም ቃሉን እየለዋወጡ ይቀልዱበት ጀመር። ልዩነቱ እነርሱ የቀለዱት ከ60 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው፤ የእኛ ልጆች የቀለዱት ግን መፈክሩ ገና ሰው እያሳሰረ ሳለ ነው።

ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. ደርግ ወደቀ፤ በየቤቱም በአሮጌው ጋዜጣ ላይ አዲስ ተለጠፈበት። ዛሬ በየሳሎኑ ባማረ ክፈፍ የሚሰቀለው የ«ትችላለህ» ጥቅስ መንግሥት የላከው ሳይሆን ባለቤቱ በገዛ ገንዘቡ የገዛው ነው። ወጣቱ ግን በእርሱም ይስቃል። ወጣቱን «ተስፋ የሌለው ትውልድ» ብሎ ከመፍረድ በፊት፣ ያ ልጅ ከወላጆቹ ግድግዳ ምን አንብቦ እንዳደገ መጠየቅ ይገባል። ቃል ያቃልለው ሰው ሳይሆን፣ ቃል ተገብቶለት የተራበ ሰው ልጅ ነው።