ከቅርብ የማንሣት ዘዴና የዳንግላው ቆንስል

ሮበርት ቺዝማን እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 ዳንግላ ላይ ተቀምጦ የእንግሊዝ ቆንስል በነበረባቸው ዓመታት የጣናንና የዓባይን ካርታ ማንሣቱ በሰፊው ይነገርለታል። የወፍ አጥኚነቱ ግን ብዙም አይወሳ፤ የሰበሰባቸው ወፎች ጥናት ከስክላተር ጋር በ1935 እና በ1936 «አይቢስ» በተባለው መጽሔት ወጥቷል። የደረቀ ቆዳ ላባን ያቆያል እንጂ ሕያው አኳኋንን አያሳይም፤ በመርፌ የተወጋ ቢራቢሮም እንዲሁ ነው። ይህን ጉድለት ሊሞላ የሚችለው ከቅርብ የተነሣ ፎቶግራፍ ነው።

ችግሩ ብርሃን ነው። ጥቃቅን ነገር በተፈጥሮ መጠኑ ፊልም ላይ እንዲያርፍ ሌንሱ የትኩረት ርቀቱን እጥፍ ያህል ከፊልሙ መራቅ አለበት፤ ስለዚህም አራት እጥፍ ብርሃን ይጠይቃል። የፍላሽ አምፖል ለገበያ የቀረበው በ1929 ሲሆን፣ ቀድሞ የነበረው የማግኒዚየም ዱቄት ጭሱ ብቻ ነፍሳቱን ለማባረር ይበቃ ነበር።

ይሁን እንጂ አሜሪካዊው የቬርሞንት ገበሬ ዊልሰን ቤንትሊ በ1885 ካሜራን ከማይክሮስኮፕ ጋር አጋጥሞ በቀን ብርሃን የበረዶ ቅንጣት አንሥቷል፤ በ1931 ሲሞት የተወው ሥዕል ከ5000 በላይ ነበር። በዳንግላም ሆነ በእንጅባራ ሌንሱን ገልብጦ የሚገጥም፣ ውስጡ የጠቆረ የካርቶን ቱቦ በመካከል የሚያስገባ፣ የረፋዱን ፀሐይ በነጭ ነጠላ አለዝቦ ጥላውን በመስተዋት የሚያበራ ባለሙያ ብዙ ወጪ አይጠይቀውም። የሚያስቸግረው ነፋስ ነው፤ አበባዪቱ በፀጉር ስፋት ብትነቃነቅ ምስሉ ይደበዝዛልና ግንዷን በቀጭን ዘንግ መደገፍ የግድ ይሆናል።