የጥይት ዋጋ በሮም ገበያ

ሮምን ረግጦ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ሁሉ የተርሚኒን ባቡር ጣቢያ ያውቃል። ከጣቢያው ፊት ለፊት የተንጣለለው ሜዳ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ይባላል፤ ከዚያም ጥቂት እልፍ ሲሉ ከግብፅ የመጣ ጥንታዊ ሐውልት ለእነዚያው አምስት መቶዎች መታሰቢያ ሆኖ ቆሟል። አምስት መቶዎቹ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 26 ቀን 1887 ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር የወደቁት የኢጣልያ ወታደሮች ናቸው። ወገኖቻችን በዚያ አደባባይ ሲቀጣጠሩ ስለ ስሙ ከተነጋገሩ፣ የሚነሣው የራስ አሉላ ጀግንነት ነው፤ የሚገባም ነው። ዶጋሊ ግን ሌላም ነገር አስከትሏል። በሮምና በሸዋ መካከል የነበረውን የጦር መሣሪያ ገበያ ከነጋዴ እጅ አውጥቶ የመንግሥት ጉዳይ አድርጎታል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በዚያ ገበያ ላይ ጠብመንጃና ጥይት በምን ዋጋ እንደተሸጡ፣ ዋጋውም በምን ዓይነት ክርክር እንደተወሰነ መመርመር ነው። (ዓ.ም. ተብሎ ካልተለየ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከዶጋሊ በኋላ በሮም ሁለት ሐሳብ ነበር። አንደኛው ብቀላ ነው፤ ሁለተኛው ዐፄ ዮሐንስን ከሸዋው ንጉሥ ከምኒልክ መነጠል ነው። ለሁለተኛው ሥራ የታጨው ሰው ከ1879 ጀምሮ ሸዋን ሲመላለስ የኖረው ኮንት ፒየትሮ አንቶኔሊ ነበር። ኦክቶበር 20 ቀን 1887 በተደረገው ስምምነት ኢጣልያ በስድስት ወር ጊዜ ውስጥ 5,000 የሬሚንግተን ጠብመንጃ ለምኒልክ ልታስረክብ ተስማማች። በዚህ ውል ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው፣ የጠብመንጃው ዋጋ በብር አለመጻፉ ነው። ሮም በልዋጩ የፈለገችው ገንዘብ ሳይሆን፣ በእርስዋና በዮሐንስ ጠብ ምኒልክ ጣልቃ እንዳይገቡ ነበር። ማንም ነጋዴ እንደሚያውቀው፣ ዋጋው በገንዘብ ያልተጠራ ዕቃ ርካሽ ነው ማለት አይደለም፤ ዋጋው ገና አልተነገረም ማለት ነው።

ነገሩን በሚገባ ለመረዳት ግን ከጠብመንጃው ይልቅ ጥይቱን ማየት ይበጃል። ጠብመንጃ አንድ ጊዜ ይገዛል፤ በጥንቃቄ ከያዙት ከአባት ለልጅ ይተላለፋል። ጥይት ግን በተኮሱ ቁጥር ይገዛል። በአፈሙዙ የሚጎርሰው የጥንቱ ነፍጥ ከባሕር ማዶ ብዙ አይጠብቅም ነበር፤ ባሩዱ ከአፈር ከሚጣራ ጨው፣ ከድኝና ከከሰል እዚያው አገር ቤት ይወቀጥ ነበር። ከኋላ የሚጎርሰው አዲሱ ጠብመንጃ ሲመጣ ይህ ነጻነት ጠፋ። አዲሱ ጥይት አራት ነገር ነው፦ የናስ ቀልሃ፣ ባሩድ፣ እርሳስና በቀልሃው ሥር ተቀምጣ ስትመታ እሳት የምትሰጠው ትንሽ ቆብ። ቀልሃው ተለቅሞ እንደገና ሊሞላ ይችላል፤ እርሳሱም ቀልጦ ሊፈስ፣ ባሩዱም ሊወቀጥ ይችላል። ያቺን ጥፍር የማታክል የእሳት ቆብ ግን በአንኮበርም ሆነ በእንጦጦ የሚሠራት አልነበረም። የአገሪቱ የጦር ኃይል ሁሉ በመጨረሻ የተንጠለጠለው በዚህች ትንሽ ነገር ላይ ነበር።

በአገር ቤት ገበያ ጥይት ምን ያህል የከበረ እንደነበረ የሚያሳየው፣ ራሱ ገንዘብ ሆኖ ማገልገሉ ነው። የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ለትንንሽ ግዢ እጅግ ትልቅ ነበር፤ አሞሌ ጨው ደግሞ ለመሸከም ይከብዳል፣ ዝናብም ያሟሟዋል። ስለዚህ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በሃያኛው መጀመሪያ በብዙ ገበያ ጥይት የብር መመንዘሪያ ሆነ። በተለይ ሕዝቡ «ውጅግራ» ብሎ የሰየመው የፈረንሳዩ የግራ ጠብመንጃ ጥይት በዚህ ሥራ የታወቀ ነበር። ሙሉው ጥይትና የተተኮሰው ቀልሃ እኩል ዋጋ አልነበራቸውም፤ ባዶ ቀልሃ ግን ከንቱ ሆኖ አይጣልም፤ የሚሞላው ስላለ የራሱን ዋጋ ይዞ ይዘዋወር ነበር። በአንድ በኩል እንዲህ ያለው ገንዘብ ብልኅ ፈጠራ ነው። በሌላ በኩል ግን፣ የአገሪቱ ምንዛሪ በሌላ አገር ፋብሪካ የሚሠራ፣ በተተኮሰም ቁጥር የሚያልቅ ነበር ማለት ነው።

ይህን ችግር ምኒልክ የተወጡት በገዢነታቸው ብልጠት ነው። የአውሮፓ መንግሥታት በየጊዜው የጦር መሣሪያቸውን ይለውጡ ነበር። ፈረንሳይ በ1886 ጭስ አልባውን የለበል ጠብመንጃ ስትይዝ፣ የግራው ጠብመንጃ በየመጋዘኑ ቀረ። ኢጣልያም በ1891 አዲስ ጠብመንጃ ስትቀበል ቬተርሊው አሮጌ ተባለ። አውሮፓ የጣለችው መሣሪያ ወደ ቀይ ባሕር ዳርቻ ይወርድ ነበር፤ የሻጩም ትርፍ ገዢው የዕቃውን እውነተኛ ዋጋ ባለማወቁ ላይ የተመሠረተ ነበር። በጊዜው መሣሪያ ነጋዴ የነበረው ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ በ1885 ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ፣ በአውሮፓ 7 ወይም 8 ፍራንክ የሚያወጣው አሮጌ ጠብመንጃ ለምኒልክ በ40 ፍራንክ ገደማ እንደሚሸጥ ገልጿል።

ራምቦ ራሱ ሸዋ ሲደርስ ግን ገበያው እንዳሰበው አልሆነለትም። ከ2,000 በላይ ጠብመንጃና 60,000 ጥይት ይዞ በ1887 መጀመሪያ ገባ። ንጉሡ ዕቃውን በችርቻሮ እንዳይሸጥ ከለከሉት፤ ካልተስማማህም በራስህ ወጪ ወደ ባሕር መልሰው አሉት። በመጨረሻም ለጓዙ በሙሉ በጅምላ 14,000 ብር ተቈረጠለት፤ ከዚያም ላይ የግመል ኪራይ ቀሪና የሞተው ሸሪኩ የላባቱ ዕዳ ተቀነሰበት። የቀረውንም ሐረር ሄዶ ከመኰንን እንዲቀበል ተሰናበተ። ራምቦ ይህን እንደ ግፍ ቈጥሮ ለፈረንሳይ ቆንስላ አቤት ብሏል። እኛ ግን ነገሩን ከገዢው ወገን ሆነን ስናየው አራት የገበያ ሕግ እናገኝበታለን። አንድ ገዢ ብቻ መኖር አለበት፤ ሻጭ ግን ብዙ ይሁን። ተሸካሚ ግመሉ የተከራየው ነጋዴ ከገዢው ይልቅ እንደሚቸኩል ዕወቅ። ዕዳን ከክፍያ ላይ ቀንስ። ገንዘቡንም ወዲያው አትቍጠር። ምኒልክ ፈረንሳዩን በኢጣልያው፣ ኢጣልያውን በፈረንሳዩ ያስፈራሩ የነበረው በእነዚሁ ሕግጋት ነበር።

ከንጉሥ ጋር የሚደረግ ገበያ ግን ከራምቦ ጋር እንደሚደረገው አይደለም። ዐፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ከወደቁ በኋላ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል ተፈረመ። በዚያው ዓመት ክረምት ደጃዝማች መኰንን መልእክተኛ ሆነው ወደ ኢጣልያ ተሻገሩ፤ በሮምም በኲሪናሌ ቤተ መንግሥት በንጉሥ ኡምቤርቶ ፊት ቀረቡ። ከዚያም ኦክቶበር 1 ቀን 1889 ኔፕልስ ላይ ተጨማሪ ውል ተፈረመ። በዚህ ውል ኢትዮጵያ አራት ሚሊዮን ሊሬ ብድር አገኘች፤ መያዣውም የሐረር ጉምሩክ ገቢ ነበር። ብድሩ የተከፈለበት መንገድ የሮምን ስሌት ይገልጣል። ግማሹ በብር ገንዘብ ሊሰጥ፣ ግማሹ ደግሞ ለዕቃ መግዣ በዚያው በኢጣልያ ሊቀመጥ ነበር። በሌላ አነጋገር፣ አበዳሪዋ ኢጣልያ ባበደረችው ገንዘብ እኩሌታ መልሳ ሻጭ ሆነች፤ ምኒልክም ሌላውን ሻጭ የሚያስፈራሩበት ገንዘብ ግማሹ በተፎካካሪው ካዝና ቀረ።

ያልተነገረው ዋጋም በዚህ ጊዜ ተገለጠ። የውጫሌ ውል 17ኛው አንቀጽ በአማርኛው ኢትዮጵያ ከውጭ መንግሥታት ጋር ስትጻጻፍ በኢጣልያ መንግሥት አማካይነት ለመሥራት «ይቻላታል» የሚል ሲሆን፣ በኢጣልያንኛው ግዴታ ሆኖ እንደተገኘ አንባቢ ሁሉ ያውቀዋል። ከዚህ ያነሰ የሚታወቀው ጉዳይ፣ ይኸው አንቀጽ ከመሣሪያ ገበያ ጋር ምን ያህል እንደተሳሰረ ነው። በ1890 የብራስልስ ጉባኤ መሣሪያ ወደ አፍሪካ እንዳይገባ ገደብ ሲያደርግ፣ ኢትዮጵያ መሣሪያ ለማስገባት ሕጋዊ መብት ያላት መንግሥት ሆና እንድትቈጠር ያደረገችው ኢጣልያ ነበረች፤ ያደረገችውም በሞግዚትነት ስም ነው። እንግዲህ የጥይቱ በር የሚከፈተው ባለቤትነትን በሚክድ ቁልፍ ነበር። ሮም የ5,000 ጠብመንጃዋን ሒሳብ ያቀረበችው በዚህ መልክ ነው።

የምኒልክ ታላቅነት የሚለካው፣ የጥይትን ዋጋ በጥይት ዋጋነቱ ብቻ ለመክፈል በመቍረጣቸው ነው ብሎ ይህ ጸሐፊ ያምናል። በ1893 መጀመሪያ ሮም ወዳጅነቱን ያድሳል በሚል ተስፋ ሁለት ሚሊዮን ጥይት በዶክተር ትራቨርሲ እጅ ላከች። ምኒልክ ጥይቱን ተቀበሉ፤ በዚያው በፌብሩዋሪ ወርም የውጫሌን ውል ማፍረሳቸውን ለመንግሥታት አስታወቁ። ብድሩንም መልሰው ከፈሉ። ይህን አንዳንድ የኢጣልያ ጸሐፊዎች ክሕደት ይሉታል። ነገር ግን ዕዳውን የከፈለ ገዢ ከሻጩ ጋር ምን የቀረው ግዴታ አለ? ብድሩ ሳይከፈል ውሉ ፈርሶ ቢሆን ኖሮ ክሱ አፍ በኖረው ነበር። ተከፍሎ በመፍረሱ ግን፣ ሮም ሸጫለሁ ያለችው ጥይት፣ ምኒልክም አልሸጥኩም ያሉት ነጻነት በየራሱ መዝገብ ላይ ቀረ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ ክርክሩ አድዋ ላይ ተፈጸመ። በአዲስ አበባው የሰላም ውል ማግሥት ኢጣልያ ለምርኮኞችዋ ቀለብ አሥር ሚሊዮን ሊሬ ከፈለች፤ ይህም ካበደረችው ከእጥፍ በላይ ነበር።

ይህን ታሪክ እዚህ ላይ ማቆም ደስ ይላል፤ ሙሉ ግን አይሆንም። ምኒልክ ለነጋዴዎች የከፈሉት ብር፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ከየት መጣ ብለን መጠየቅ ይገባናል። አብዛኛው የመጣው በደቡብና በምዕራብ ከተያዙት አገሮች ግብር ነው። እነዚያን አገሮች ለመያዝ ያስቻለውም ያው ጠብመንጃ ነበር። በጃንዋሪ 1887 ጨለንቆ ላይ ሐረርን ያስገኘው ጦር፣ ከሁለት ዓመት በኋላ የሐረርን ጉምሩክ ለጥይት ብድር መያዣ አደረገው። ጠብመንጃ አገር ይይዛል፤ የተያዘው አገር ጠብመንጃ ይገዛል። ከዚህም በላይ የብድሩ ዘመን የክፉ ቀን ዘመን ነበር። ለኢጣልያ ጦር በመጡ ከብቶች አማካይነት በምጽዋ በኩል ገባ የሚባለው የደስታ በሽታ ከ1888 ጀምሮ የገበሬውን በሬ ጨረሰ፤ ረኃቡም እስከ 1892 ዘለቀ። ጥይት ሲገዛ የነበረው፣ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፍረዋል በሚባልበት በዚያው ዘመን ነው። ያ ጥይት ባይገዛ አድዋ ምን ይሆን ነበር ብሎ መመለስ ይቻላል፤ መልሱም ከባድ ነው። ነገር ግን የከፈለውን ሰው ሳይጠሩ ድሉን ብቻ መጥራት ፍትሕ አይደለም።

ሌላም ያልተከፈለ ሒሳብ ነበር። ከብዙ ሻጭ መግዛት ምኒልክን ከአንድ ጌታ አዳናቸው፤ ለአገሪቱ ግን ዓይነቱ የበዛ ጠብመንጃ አወረሳት። የውጅግራው ጥይት በሬሚንግተኑ አይገባም፤ የሬሚንግተኑም በቬተርሊው አይተኰስም። በ1935 ይህ ችግር በግልጽ ታየ። በ1930 ፓሪስ ላይ በተፈረመው ውል እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣልያ የኢትዮጵያን የመሣሪያ ግዢ መብት በወረቀት አጽንተው ነበር። ሙሶሊኒ ጦሩን ሲያዘጋጅ ግን እንግሊዝና ፈረንሳይ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ እንዳይሸጥ አገዱ። እገዳው በሮም ላይ ምንም አላደረሰም፤ ሮም የራሷ ፋብሪካ ነበራት። እኛ ግን የእሳት ቆቧን የምንሠራበት ቤት ገና አልነበረንም። በዚያ ጭንቅ ጊዜ ከተገኘው ጥቂት ርዳታ አንዱ ሂትለር ለራሱ ጥቅም በምስጢር የፈቀደው 10,000 ማውዘርና 10 ሚሊዮን ጥይት ነበር። ለአንድ ጠብመንጃ አንድ ሺህ ጥይት መሆኑ ነው፤ ለመልካም ተኳሽ ብዙ ይመስላል፤ አውሮፕላንና የመርዝ ጋዝ ለያዘ ጠላት ግን ምንም አልነበረም።

ምኒልክ ከሮም ጋር ባደረጉት ገበያ የረቱት፣ ዕቃው የሚጠራበትን ዋጋና በውሉ ውስጥ የተሰወረውን ዋጋ ለይተው በማወቃቸው ነው። የተጠራውን ከፈሉ፤ የተሰወረውን አልከፈልም አሉ። ከእርሳቸው በኋላ የመጣው ትውልድ ያጣው ይህን የክርክር ብልኅነት አይደለም። በ1930ው ውልም ሆነ በመንግሥታት ማኅበር ፊት የተከራከሩት ሰዎች ከመኰንን ያነሱ አልነበሩም። ያጡት፣ ክርክሩ ከሽፎ በሩ ሲዘጋ በቤት የሚሠራ ጥይት ነው። አድዋና ማይጨው በዕድሜ የሚራራቁት በአርባ ዓመት ብቻ ነው። በእነዚህ አርባ ዓመታት በገበያችን ጥይት እንደ ገንዘብ ሲዘዋወር፣ ቀልሃውም ሲለቀምና ሲሞላ ኖረ፤ ያቺን ትንሽ የእሳት ቆብ የሚሠራ ፋብሪካ ግን አልቆመም። የአድዋን ድል በየዓመቱ ስናከብር፣ በእነዚያ አርባ ዓመታት ያልተሠራውን ሥራ ጭምር ብናስበው ለተተኪው ትውልድ የተሻለ ትምህርት እናስተላልፋለን።