መንጠቆውን የሰቀለው ሰው

እግር ኳስ ተጫዋች በቃኝ ሲል «ጫማውን ሰቀለ» እንላለን። ዓሣ አጥማጅ በቃኝ ሲልስ? መንጠቆውን ሰቀለ እንበል መሰለኝ። ዛሬ የማነሳላችሁ ሰው ጃክ ሂልተን የተባለ እንግሊዛዊ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ካርፕ የሚባለውን ዓሣ በማጥመድ በሀገሩ ስማቸው ከሚጠራ ጥቂት ሰዎች አንዱ ነበር። ዝናው ገና ትኩስ ሳለ ግን የይሖዋ ምስክር ሆነና ማጥመዱን እርግፍ አድርጎ ተወው።

«ዓሣ ማጥመድ መተው ደግሞ ምን ታሪክ አለው?» የሚል አይጠፋም። እኔም መጀመሪያ እንደዚያ ነበር ያልኩት። ታሪኩ የሚገባን ግን የተወው ነገር ምን እንደነበረ ስናውቅ ነው።

ሬድማየር የምትባል ኩሬ አለች። ቦታዋ ሄርፎርድሺር ውስጥ፣ ከዌልስ ድንበር አቅራቢያ ነው። ስፋቷ ከአንድ ሄክታር ብዙም አይበልጥም፤ የእኛ ሀገር ሰው ቢያያት ኩሬ እንጂ ሐይቅ አይላትም። በ1934 ሃምሳ ትንንሽ ካርፖች ተጨመሩባት። ከዚያ የዓለም ጦርነት መጣ፣ ሄደ፤ ዓሦቹ ግን ከውኃው ሥር ሆነው ዝም ብለው ያድጉ ነበር። በ1951 ቦብ ሪቻርድስ የተባለ ሰው 14 ኪሎ የሚመዝን ካርፕ ከዚያች ኩሬ አወጣና የሀገሪቱን ክብረ ወሰን ያዘ። ክብረ ወሰኑ ዓመትም አልቆየ። በመስከረም 1952 ሪቻርድ ዎከር 20 ኪሎ የሚጠጋ ካርፕ ከዚያችው ኩሬ ጎትቶ አወጣ። ዓሣዋ በሕይወት እንዳለች ወደ ለንደን የእንስሳት ማሳያ ተወሰደች፤ ክላሪሳ የሚል ስም ወጥቶላት እስከ 1971 ድረስ እዚያ ኖረች። ከዚያ በፊት «ትልቅ ካርፕ በዕድል ካልሆነ በመንጠቆ አይያዝም» የሚለው አባባል እንደ እውነት ይወሰድ ነበር። ከዎከር በኋላ ግን ዕድል ሳይሆን ትዕግሥትና ብልሃት እንደሚጠይቅ ታወቀ።

ሂልተን የመጣው በዚህ መንገድ ላይ ነው። በሬድማየር ማጥመድ የሚፈቀድለት አንድ አነስተኛ ማኅበር ብቻ ነበር። ሂልተን ያንን ማኅበር መራ፤ በ1972ም «ካርፕን ፍለጋ» ብለን ልንተረጉመው የምንችለውን መጽሐፉን አሳተመ። በየመንደሩ ኩሬ ዳር የሚያመሹ ወጣቶች መጽሐፉን እንደ መማሪያ አነበቡት።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ካርፕ በእኛም ቆቃና ዝዋይ አለ፤ አጥማጁ ይሸጠዋል፣ ገዢው ጠብሶ ይበላዋል። የእነ ሂልተን ካርፕ ግን አይበላም! ሌሊቱን ሙሉ ብርድ ላይ ተቀምጠው፣ ድምፅ ሳያሰሙ፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ምንም ሳይዙ ይጠብቁታል። ሲይዙት ይመዝኑታል፣ ፎቶ ያነሱታል፣ መልሰው ውኃ ውስጥ ይለቁታል። ለእኔ ነገሩ ከስፖርት ይልቅ ምናኔ ይመስላል። እንቅልፍ ማጣቱ፣ ዝምታው፣ ከሰው መለየቱ፣ የማይታየውን መጠበቁ ሁሉ አለበት።

ለዚህም ይመስለኛል ሁለቱ አንድ ልብ ውስጥ መኖር የሚከብዳቸው። የይሖዋ ምስክርነት በየቤቱ እየዞሩ መስበክን ይጠይቃል፤ ጊዜ ይፈልጋል። ካርፕም ጊዜ ይፈልጋል። ኃጢአት ስለሆነ የሚተው ነገር አለ፤ ኃጢአት ባይሆንም ሰውየውን ሙሉ በሙሉ ስለሚወስደው የሚተው ነገርም አለ። ሁለተኛው የሚከብድ ይመስለኛል።

ስለ አጥማጅና ስለ ሃይማኖት ሲነሳ ሁላችንም የምናስበው ጴጥሮስን ነው። ጴጥሮስ የተወው መረቡን ነው፤ መረቡ እንጀራው ነበር። ሂልተን የተወው መንጠቆ ግን ፍቅሩ ነበር። የእኛ ገድልም ተመሳሳይ ታሪክ ይነግረናል። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ገና ፍስሐ ጽዮን እየተባሉ አደን ወጥተው ሳለ ቅዱስ ሚካኤል ተገለጠላቸውና ከዚያ በኋላ አውሬ ሳይሆን ነፍስ እንደሚያድኑ ነገራቸው። ገድሉን ስንሰማ ጆሯችን የሚከተለው ወደፊት የሄዱበትን መንገድ ነው። «ቀስቱስ የት ደረሰ? አብረዋቸው ያድኑ የነበሩትስ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም።

የሂልተን ታሪክ ግን ያንን እንድጠይቅ አደረገኝ። እሱ ሄደ፣ መጽሐፉ ቀረ። በ1972 የጻፈውን መመለስ አይችልም ነበር። እሱ በተወው ነገር ሌሎች ገና መጀመራቸው ነበር፤ ምናልባትም እሱ በራቸውን አንኳኩቶ ስለ እግዚአብሔር መንግሥት በሚናገርበት ሰዓት አንድ ወጣት መጽሐፉን ይዞ ኩሬ ዳር ተቀምጧል። ከማኅበሩ አባላት አንዱ የነበረው ክሪስ ዬትስ ሰኔ 16 ቀን 1980፣ የማጥመጃው ወቅት በተከፈተበት ዕለት፣ ከሬድማየር ከ23 ኪሎ በላይ የሚመዝን ካርፕ አወጣና የዎከርን ክብረ ወሰን ሰበረ። ሂልተን በዚያን ጊዜ ከኩሬው ርቋል።

ጓደኞቹ «ምን ነካው?» ብለው ቢያዝኑ አይፈረድባቸውም። የእምነት ወንድሞቹ ደግሞ «ተመስገን፣ ነቃ!» ቢሉ አይገርምም። አንዱ ወገን የሚያስታውሰው የመጀመሪያውን ሂልተን ነው፣ ሌላው ወገን ሁለተኛውን። ኩሬ ዳር በትዕግሥት ያን ያህል ሌሊት መጠበቅ የተማረውም፣ የተዘጋ በር አንኳኩቶ የሚጠብቀውም ግን ያው አንድ ሰው ነው።

ጴጥሮስ እንኳ ከትንሣኤ በኋላ ወደ ጥብርያዶስ ባሕር ተመልሶ ሌሊቱን ሲያጠምድ ማደሩን ዮሐንስ ጽፎልናል። ጌታም ለምን ተመለስክ ብሎ አልተቆጣውም፤ ቁርስ አዘጋጅቶ ነው የጠበቀው። ስለዚህ የዛሬውን ጽሑፌን ለመተው የሚከብድ ነገር ለተዉ ሁሉ፣ እነሱ ሲሄዱ ኩሬው ዳር ለቀሩትም ጓደኞቻቸው አበርክቻለሁ።

ቸር ይግጠመን።