ለንጉሥም የማያውስ ላይብረሪ

እ.ኤ.አ. በ1645 የእንግሊዙ ንጉሥ ቀዳማዊ ቻርልስ ኦክስፎርድ ላይ ሳሉ ከቦድሊያን ላይብረሪ አንድ መጽሐፍ እንዲላክላቸው ጠየቁ። አገሪቱ በእርስ በርስ ጦርነት እየታመሰች ነበር፤ ኦክስፎርድም የንጉሡ መቀመጫ ነበረች። የላይብረሪው ኃላፊ ደንቡን ይዘው ቀረቡ። ደንቡ መጽሐፍ ከዚህ ቤት አይወጣም ይላል። ንጉሡም ጥያቄያቸውን ተዉት። በ1654 ደግሞ ንጉሡን ለሞት የዳረገው ኦሊቨር ክሮምዌል በተራው ቢጠይቅ መልሱ ያው ሆነ!

እንግዲህ ለንጉሥ ያልተፈቀደውን ለፍሬሽማን ማን ይፈቅዳል? አዲስ ተማሪ የሚፈልገውን መጽሐፍ አግኝቶ «ሪፈረንስ ነው፣ አይወጣም» ሲባል ሠራተኛው በክፋት የከለከለው ይመስለዋል። «ሪዘርቭ» እና «ሰርኩሌሽን» የሚሉት ቃላትም የቢሮክራሲ ቋንቋ ይመስሉታል። እኛ ግን እንዲህ እንላለን፤ እነዚህ ቃላት የአንድ ረጅም ክርክር ውጤት ናቸው። ክርክሩም «መጽሐፍ ይጠበቅ ወይስ ይነበብ?» የሚል ነው።

ከፓሪስ እንጀምር። የሶርቦን ኮሌጅ በ1290 ባዘጋጀው ዝርዝር 1,017 መጻሕፍት መዝግቦ ነበር። በአውሮፓ ማተሚያ ገና አልነበረም፤ መጽሐፍ ሁሉ በእጅ ይገለበጣል፣ ዋጋውም አይቀመስም። ስለዚህ ኮሌጁ መጻሕፍቱን ለሁለት ከፈላቸው። ሁሉም ሰው የሚፈልጋቸው በሰንሰለት ታስረው እዚያው እንዲነበቡ ተደረገ። የቀሩት ግን መያዣ ላስያዘ አባል ይዋሱ ነበር። የመጀመሪያው ክፍል የዛሬው ሪፈረንስ፣ ሁለተኛው የዛሬው ሰርኩሌሽን መሆኑ ነው። መታወቂያ አስይዘን መጽሐፍ ስንቀበል የሶርቦንን ሕግ እየፈጸምን ነው። ሰንሰለቱን ማየት የሚሻ እንግሊዝ አገር ሄርፎርድ ካቴድራል ዛሬም ያገኘዋል።

የእኛ አገር ሰንሰለት ብረት አልነበረም፤ ግዝት ነበር። በብዙ የብራና መጻሕፍት ላይ የሰረቀውና የፋቀው ሰው በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን የሚል ማስጠንቀቂያ ተጽፎ ይገኛል። የዛሬ ቅጣት በቀን ሳንቲም ነው፤ የአባቶቻችን ቅጣት ግን በነፍስ ነበር።

መጽሐፍ ሲበዛ ደግሞ ሌላ ችግር መጣ፦ የት ነው ያለው? የፈረንሳይ አብዮተኞች የቤተ ክርስቲያንና የመኳንንት መጻሕፍትን ከወረሱ በኋላ በ1791 የካታሎግ መመሪያ አወጡ። መመዝገቢያ እንዲሆን የመረጡት ምን ይመስላችኋል? መጫወቻ ካርታ! የያኔው ካርታ ጀርባው ባዶ ስለነበር የመጽሐፉ ስም እዚያ ተጻፈ። በ1876 አሜሪካዊው ሜልቪል ዱዊ ዕውቀትን ሁሉ ከ000 እስከ 999 በቁጥር ከፋፈለ። በእሱ አሠራር የኢትዮጵያ ታሪክ 963 ላይ ነው። በአሜሪካ ኮንግረስ ላይብረሪ አሠራር ደግሞ «ዲቲ» ከሚሉት ፊደላት ቀጥሎ ከ371 እስከ 390 ነው። ስለዚህ የመጽሐፉን ጀርባ እዩ፤ በቁጥር ከጀመረ የዱዊ፣ በፊደል ከጀመረ የኮንግረስ ሊሆን ይችላል። «ኮል ነምበር» የሚባለው ይኸው ነው፤ የመጽሐፉ አድራሻ። ጥቅሙ አንዱን ፈልጎ መሄድ ብቻ አይደለም፤ ጎረቤቶቹም በተመሳሳይ ጉዳይ የተጻፉ ናቸውና ግራና ቀኙን መቃኘት ነው።

ሪዘርቭስ? በ1870ዎቹ ሃርቫርድን የመሳሰሉ ኮሌጆች አንድ የመማሪያ መጽሐፍ ከመሸምደድ ይልቅ ብዙ መጻሕፍት ማስነበብ ጀመሩ። ተማሪው መቶ፣ መጽሐፉ አንድ ሲሆን ግን አንዱ ወስዶ ሌላው ባዶ እጁን ይቀራል። ስለዚህ መምህሩ ያዘዘው መጽሐፍ ለብቻው ተቀምጦ ለአጭር ሰዓት ብቻ ይሰጥ ጀመር። ሪዘርቭ ድሃ ተማሪን የሚጠብቅ ሕግ ነው፤ ገንዘብ ያለው ገዝቶ ያነባል።

የመጨረሻው «ኢንተርላይብረሪ ሎን» ነው፤ ላይብረሪ ከላይብረሪ ሲዋስ ማለት ነው። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ የላይብረሪው ኃላፊ ጆሴፍ ሮዌል በ1894 ይህን አስጀመረ። መጽሐፉ ራሱ መጓዝ ካልቻለስ? ቅጂው ይጓዛል። በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም ሥራ ያደረገው ይህንኑ ነው። ከየገዳማቱና ከየአብያተ ክርስቲያናቱ ወደ 9,000 የሚጠጉ ብራናዎች በፊልም ተነሡ፤ አንድ ቅጂ አዲስ አበባ፣ አንድ ቅጂ አሜሪካ ሚኒሶታ ተቀመጠ። ብራናው ከባለቤቱ ሳይለይ ተነበበ። ግዝቱም አልተጣሰ፣ አንባቢውም አልተከለከለ።

ስለዚህ ወዳጆቻችን፣ «የለም» ሲሏችሁ ዝም ብላችሁ አትመለሱ። «ወጥቷል ወይስ ሪዘርቭ ላይ ነው? መቼ ይመለሳል? ወረፋ ልያዝ? ከሌላ ላይብረሪ ይመጣልኛል? የምፈልገውን ምዕራፍ ቅጂ ላገኝ እችላለሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። «የለም» የሚለው አንድ ቃል ውስጥ አምስት የተለያዩ መልሶች አሉ፤ ቃላቱን የማያውቅ ተማሪ አምስቱንም አጥቶ ይሄዳል።

የመመለሻ ቀኑንም አክብሩ። የዘገየው መጽሐፍ የሚጎዳው ላይብረሪውን ሳይሆን ነገ ፈተና ያለባትን፣ መግዣም የሌላትን ተማሪ ነው። ሰንሰለቱም፣ ግዝቱም፣ ቅጣቱም የተፈጠሩት ለእሷ ተራ ሲባል ነው።