ቆዳ ማንጫ ክሬም፣ ሜርኩሪና እርግዝና

በአንዳንድ ቆዳ ማንጫ ክሬሞችና ሳሙናዎች ውስጥ ሜርኩሪ (ባዜቃ) ይገኛል። ሜርኩሪ በቆዳ ወደ ሰውነት ገብቶ ኩላሊትን ይጎዳል፤ ወደ ፅንሱም አልፎ አንጎሉንና ነርቮቹን ሊጎዳ ይችላል።

እርጉዝ ከሆኑ ወይም ለማርገዝ ካሰቡ፦

• የይዘት ዝርዝር የሌለውን፣ «ሜርኩሪ» ወይም «ካሎሜል» የሚል የተጻፈበትን አይቀቡ።
• «ወርቅና ብር እንዳይነካ» የሚል ማስጠንቀቂያ ካለው ሜርኩሪ ሊኖርበት ይችላል።
• ሲቀቡ ከነበረ ዛሬውኑ ያቁሙ፤ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። ክሬሙን በፕላስቲክ አሽገው ወደ እርግዝና ክትትልዎ ይውሰዱት። ሐኪምዎ የሽንት ምርመራ ሊያዝልዎ ይችላል።
• ፎጣና አንሶላዎን ይጠቡ፤ ሜርኩሪው በእነርሱ በኩል ለሌሎች ልጆችም ይተርፋል።

ክሬሙን ተቀብተዋል ማለት ልጅዎ ተጎድቷል ማለት አይደለም። ሳይሸማቀቁ ለሐኪምዎ ይንገሩ።