የሌሊት ፎቶና ያረጀው ሌንስ

ማታ በሞባይላችን የመንገድ መብራት ስናነሳ ፎቶው ላይ ያልጠራነው አረንጓዴ ነጥብ ተንሳፎ እናገኛለን። መብራቱ ከላይ በቀኝ ከሆነ ነጥቡ ከታች በግራ ነው፤ የፎቶውን መሐል ተሻግሮ ልክ ትይዩው። ባለሙያዎቹ «ጎስት» ይሉታል፣ መንፈስ እንደማለት። ስልኩን ከመርገማችን በፊት ግን ታሪኩን እንስማ፤ ከሞባይል በጣም ይቀድማል።

ያልተቀባ መስታወት ብርሃን በገባበትም በወጣበትም ገጽ 4 በመቶ ያህሉን ይመልሳል። ትንሽ ይመስላል አይደል? እ.ኤ.አ. በ1896 ፓውል ሩዶልፍ ለዛይስ ኩባንያ የነደፈው «ፕላናር» ሌንስ ከአየር ጋር የሚገናኙ 8 ገጾች ነበሩት። ሒሳቡን ስሩት፤ ከሩብ በላይ ብርሃን መንገዱን ይስታል። ከዚህ ውስጥ ከፊሉ ሌንሱ ውስጥ ሲላጋ ቆይቶ ጥቁሩን ሰማይ ግራጫ ያደርገዋል፣ ወይም ሁለተኛ መብራት ይሥላል። ቀን ብዙም አይታወቅም። ሌሊት ግን ጨለማው ሁሉን ያጋልጣል።

ጣጣው ሌንሱ ላይ ብቻ አልነበረም። ብርሃኑ ፎቶ የሚነሳበትን የመስታወት ሰሌዳ አልፎ ከጀርባው እየተመለሰ መብራቱን በጭጋግ ይከበው ነበር። ስለዚህ የሰሌዳውን ጀርባ በተቃጠለ ስኳርና በቀለም ይቀቡት ነበር። ስኳር!

በ1930ዎቹ መጀመሪያ የፓሪስን ሌሊት ያነሳው ብራሳይ ደግሞ ከመብራቱ ጋር አልታገለም፤ ደበቀው። አምፖሉን ከዛፍ ወይም ከግድግዳ ጀርባ ያደርግና ብርሃኑ በጉምና በረጠበው ድንጋይ ላይ ሲፈስ ያነሳል። ካሜራው ተከፍቶ የሚቆይበትን ጊዜ የሚለካውም በሲጋራ ነበር ይባላል፤ ጨለማው ሲበረታ ወፍራሙን ሲጋራ ያጨሳል።

መፍትሔው ግን ቀድሞ የታየው ማንም ባልጠበቀበት ቦታ ነው፤ ያረጀ ዕቃ ላይ። በ1892 እንግሊዛዊው ሌንስ ሠሪ ዴኒስ ቴይለር ገጻቸው የወየበ አሮጌ ሌንሶች ከአዲሶቹ የበለጠ ብርሃን እንደሚያሳልፉ አስተዋለ። ሌላው ሰው ተበላሸ ብሎ የሚያዝንለትን ነገር! እኛ ከዚህ ታሪክ የምንወደው ይሄን ቦታ ነው። ቴይለር በ1904 ሌንስን በኬሚካል ሆን ብሎ ማስረጀት ሞከረ፤ ግን የመስታወቱ ዓይነት በተለያየ ቁጥር ውጤቱም ይለያይበት ስለነበር አልዘለቀም።

በ1935 የዛይሱ አሌክሳንደር ስማኩላ አየር በተመጠጠበት ዕቃ ውስጥ ማዕድን አትንኖ በሌንሱ ላይ ስስ ሽፋን አሳረፈ። የሽፋኑ ውፍረት የአንድ ሚሊሜትር አሥር ሺህኛ ገደማ ነው። ከሽፋኑ ላይና ከሥሩ የሚመለሱት የብርሃን ሞገዶች አንዱ ሲወጣ ሌላው እየወረደ ይጠፋፋሉ። ጀርመኖች ነገሩ ለጦር መነጽር እንደሚበጅ ገብቷቸው ምስጢር አደረጉት። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ካትሪን ብሎጀት በ1938 አርባ አራት የሞለኪውል ንብርብር ያለው ሳሙና መሰል ሽፋን ሠርታ የማያንጸባርቅ መስታወት አሳየች። ውብ ሥራ ነው፤ ችግሩ በጣት ይጠረግ ነበር።

ዛሬ ሌንስ ላይ የምናየው ሐምራዊና አረንጓዴ ውጋገን ያ ሽፋን ነው፤ ነጸብራቁን ከ1 በመቶ በታች ያወርደዋል። ከዚያ እኛ «እንዳይጫር» ብለን ርካሽ ጠፍጣፋ መስታወት እንደርብበታለን፣ መንፈሱም ተመልሶ ይመጣል። ለሌሊት አውልቁት፤ የጣት ቅባቱንም ጥረጉ። ነጥቡ አሁንም ካለ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ሂዱና አምፖሉን ከምሰሶ ጀርባ አድርጉት፤ ብራሳይም ያለ ሽፋን የሠራው እንዲሁ ነው።