ጣርማበርን የቀረጸው ካሜራ የማን ነበር?

የኢጣሊያ ጦር ሚያዝያ 18 ቀን 1928 ዓ.ም. ከደሴ ተነስቶ በደብረ ሲናና በደብረ ብርሃን በኩል ወደ አዲስ አበባ ሲገሰግስ፣ ከ1,600 በላይ መኪኖች ይዞ ነበር። ካሜራም ነበረው። ኢትዮጵያውያን ጣርማበር ላይ መንገዱን ስለናዱት ሠልፉ ቆሞ እስኪጠገን መጠበቅ ግድ ሆነበት። ሚያዝያ 27 ቀን ዋና ከተማዋ ተያዘች። የሙሶሊኒ መንግሥት የፊልም ተቋም «ሉቼ» ዘመቻውን በየሲኒማ ቤቱ የድል ዜና አድርጎ አሳየው። እነዚያ የዜና ፊልሞች ዛሬ በክብር ተጠብቀዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ዩኔስኮ በዓለም ትውስታ መዝገቡ ላይ አስፍሯቸዋል።

በመንዝ የዘረት ዋሻስ? በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. እዚያ የተጠለሉ አርበኞች ከነቤተሰቦቻቸው በመርዝ ጋዝና በጥይት አለቁ። ይህ ለሲኒማ የሚሆን ድል አልነበረም። የኢጣሊያ መንግሥት በኢትዮጵያ ላይ ጋዝ መጠቀሙን በይፋ ያመነው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ስለ ዘረት ከወራሪው ወገን ከተገኘው ምስክርነት አንዱ በመንግሥት መዝገብ ቤት የተቀመጠ አልነበረም፤ የኬሚካል ጓድ የበታች ሹም የነበረው አሌሳንድሮ ቦአሊዮ ለቤተሰቡ ትቶት የሄደው ጽሑፍ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2010 መጽሐፍ ሆኖ ታተመ። አንዳንዴ የአንድ ቤት መሳቢያ ከመንግሥት ካዝና የበለጠ እውነት ይይዛል።

ፊልሙም እንዲሁ ነው። ከዘማቾቹ አንዳንዶቹ ትንንሽ የግል ካሜራ ይዘው መጥተው ነበር። የቀረጹትም በየቤታቸው ተከማችቶ ቆየ። በቦሎኛ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2002 የተቋቋመው የቤተሰብ ፊልሞች ቤተ መዛግብት እንዲህ ያሉትን ጥቅሎች ይሰበስባል፤ ጠግኖም ምስሉን አንድ በአንድ ወደ ኮምፒውተር ያስገባል። ሥራው ጊዜ አይሰጥም። አሴቴት የተባለው ፊልም ሲበላሽ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል፤ ይኮማተራልም። ከተቀረጸበት ፍጥነት በላይ ከታየ ደግሞ ሰዉ ሁሉ የሚሮጥ ይመስላል። አያቶቻችን በነጭ ካሜራ ፊት ሲጣደፉ ካያችሁ፣ ጥድፊያው የማሳያው መሣሪያ ሊሆን ይችላል።

እኛስ ምን አለን? ብዙ አለን። በደብረ ብርሃን፣ በአንኮበር፣ በአልዩ አምባ በየቤቱ ሣጥን ውስጥ የኒካህ፣ የመውሊድ፣ ሐጅ የሄደ ዘመድ ሽኝት፣ ከጅዳ የተላከ ሰላምታ የያዘ የቪዲዮ ካሴት አለ። ካሴቱ ከፊልሙ ይልቅ ደካማ ነው፤ በሙቀትና በእርጥበት በጥቂት አሥርት ዓመታት ይደበዝዛል። ማጫወቻው ዴክም እየጠፋ ነው፤ የመጨረሻው አምራች የጃፓኑ ፉናይ ሥራውን እ.ኤ.አ. በ2016 አቁሟል። ስለዚህ ካሴት ያለው ሰው ደህና ዴክ ሲያገኝ ወደ ኮምፒውተር ያስገልብጥ፤ አንዱን ቅጂ ሌላ ቤት ላለ ዘመድ ይስጥ።

ግን መገልበጡ ብቻ ግማሽ ሥራ ነው። በኢጣሊያኖቹ ፊልሞች ውስጥ ያሉት የእኛ ሰዎች ስም የላቸውም፤ «የአገሬው ሰው» ተብለው ቀሩ። ቀራጩ አልጠየቃቸውም። የራሳችንን ካሴት ግን አባቶችና እናቶች በሕይወት ሳሉ አብረን ቁጭ ብለን ብናየው፣ «ይህ ማን ነው? ያችስ የማን ልጅ ናት?» ብለን በወረቀት ልንጽፍ እንችላለን። በአልዩ አምባ አካባቢ ደግሞ ከምስሉ ይልቅ ድምፁ ይበልጥ ይሆናል፤ አርጎብኛ አቀላጥፈው የሚናገሩት እያነሱ ነውና፣ በሠርግ ካሴት ላይ ከካሜራው ጀርባ የሚያወሩት ሁለት አሮጊቶች ከሙሽራዋ የበለጠ ሊደመጡ ይገባል።